ኖት ባድ እና እጅሽ ይባረክ

ከቤቴ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ያላቸው ሙገሳ አንድ ብቻ ነው። እሱም «ኖት ባድ» ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ይላቸዋል፤ እኔም ቂርቆስ ወደሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ከገባሁ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ጎረቤታቸው በመሆኔ ሙገሳቸውን ከነሙሉ አጠቃቀሙ የመከታተል ዕድል አግኝቻለሁ።

ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ ሲመጣ ቧንቧውን ከፍተው ያዩና «ኖት ባድ» ይላሉ። የደረጃው አምፖል ሲቀየር ቀና ብለው ያዩና እንደዚያው ይላሉ። ልጃቸው የተዳረች ዕለት ቬሎዋን ለብሳ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሴቱ ሁሉ ያለቅስ ነበር። እሳቸው ከራስ እስከ እግሯ አይተው ያችኑ ቃል አሏት። እሷ ግን የአባቷን ቋንቋ ስለምታውቅ አቅፋቸው ኩሏ እስኪበላሽ አለቀሰች። እኔ የሠራሁት ዜና የፊት ገጽ ላይ የወጣ ቀን ደግሞ ጋዜጣውን በረንዳ ላይ አንብበው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኖት ባድ» አሉኝ። «‹ይሁን እንጂ›ን ግን አንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቴ ተጠቅመሻል።»

ገብቼ አየሁት። ልክ ነበሩ።

አንድ እርከን ከፍ ያለም አለ፤ «ኖት ባድ አት ኦል» ይባላል። ይህን በጆሮዬ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። ወረዳ ሄደው፣ መታወቂያ አሳድሰው፣ በዚያው ጠዋት የተመለሱ ዕለት ነበር። ደረጃውን ሲወጡ ፊታቸው እንደ ቆረበ ሰው ያበራ ነበር።

ምድር ወለሉ ላይ የልብስ ሱቅ ያላት የወሎዋ ጎረቤታችን ስለዚህ ጉዳይ የራሷ አስተያየት አላት። «ወላሂ፣ ቲቸር ጀነት ቢገቡ ዞር ዞር ብለው ያዩና ‹ኖት ባድ› ነው የሚሉት» ትላለች። «መላኢካዎቹ ደግሞ የከፋቸው መስሏቸው ሌላ ክፍል ያሳዩዋቸዋል።»

አንድ ቀን ነገሩን ከምንጩ ለማጣራት ጠይቄያቸው ነበር። ቲቸር እንደ ድሮው ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ የቆሙ ያህል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግሊዝ ደስታውን ካፖርት አልብሶ ነው ከቤት የሚወጣው» አሉኝ። «መጥፎ አይደለም ካለሽ ወዶታል። ወድጄዋለሁ ብሎ በግልጽ ከተናገረ ግን ያፍራል፤ ነገ ደግሞ ድገም የሚሉት ይመስለዋል። የኛስ ሰው ቢሆን? አይከፋም እንላለን። ምንም አይል እንላለን። ምንም የማይል ምግብ እንዴት ያለ ምግብ ነው? ግን እንላለን።» በዚህ ትምህርቱ አለቀ። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ የሚገፋበት ምክንያት የመጣው ኋላ፣ ባለቤታቸው ምግብ ቤት ለመክፈት የተነሱ ጊዜ ነው።

ባለቤታቸውን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እትዬ ስጎ ይሠራሉ። ሽንኩርቱን በትዕግሥት ያቁላላሉ፤ ቲማቲሙን ፈግፍገው፣ ትንሽ ካሮት ጣል አድርገው፣ ከቄራ በኩል የሚመጣውን የተፈጨ ሥጋ ጨምረው ይተዉታል። መተው ነው ዋናው ነገር ይላሉ። ክዳኑን ደጋግሞ የሚከፍት ሰው ካለ ከወጥ ቤት ያባርሩታል። ደረጃ የሚወጣ ሁሉ እሳቸው በር ላይ ሲደርስ እርምጃው ቀስ ይላል፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሳይቀር።

«ጡረታ የወጣው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አሉ አንድ ቀን፣ ካዛንቺስ አካባቢ አንዲት ክፍል አግኝተው ሲመጡ። ክፍሏ ከሰፊው አዲስ መንገድ ጀርባ ናት። ድሮ እዚያ አካባቢ ምሳ የሚበላባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ የቢሮ ሰው ግን አልፈረሰም። በምሳ ሰዓት ባጁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ አዲሶቹን የአበባ መደቦች እየዞረ፣ የሚበላበት ሲያስስ ይታያል። እትዬ ይህን ሲያዩ ነው የከረሙት። ፓስታ በስጎ፣ የሥጋና የጾም፣ ከዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር፤ ሌላ ምንም አይሠሩም። የክፍሏ ባለቤት እስከ ቅዳሜ ሊጠብቃቸው ተስማምቷል። ከቅዳሜ በኋላ ግን ሞባይል ጥገና ሊከፍትባት የሚለምነው ሰው ነበረ።

ከመወሰናቸው በፊት እሑድ ምሳ ጠሩን፤ እኔንና የወሎዋን ጎረቤታችንን። ሁለት ድስት ቀረበ። ሥጋው በክርስቲያን የታረደ ስለሆነ ጎረቤታችን ከጾሙ ብቻ በላች፤ እኔ ከሁለቱም። ጥሩ ምሳ ነበር። ሹካዬን ሳስቀምጥ «እጅዎ ይባረክ» አልኩ።

«ማሻአላህ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» አለች ጎረቤታችን።

እትዬ ጭልፋውን እንደያዙ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። «እናንተማ ይህን ነው የምትሉት» አሉ። «የልጅ ልጄ ክርስትና ላይስ ምን አላችሁ?»

ሁለታችንም ሰሃናችንን አየን። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ እትዬ ጨው ጨምረው ዞር ሲሉ እህታቸው ያልተጨመረ መስሏቸው እንደገና ጨምረዋል። ያን ቀን ውሃ በጆግ በጆግ አልቆ ጎረቤት ቤት ድረስ ተለመነ። አንድ ሽማግሌ ከአንዱ ጉርሻ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ፤ እየጸለዩ መስሎን ነበር። እንግዳው ሁሉ ግን ሲወጣ በር ላይ ጎንበስ ብሎ «እጅሽ ይባረክ» ብሏል። እኔም ብያለሁ። እትዬ ራሳቸው የቀመሱት የመጨረሻው እንግዳ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ «እጅሽ ይባረክ» ለእሳቸው ከ«ደህና ዋይ» አይበልጥም።

ስለዚህ ወደ ቲቸር ዞሩ። ቲቸር ሁለተኛ ሰሃናቸውን በዳቦ እየጠረጉ ነበር።

«አንተስ?» አሏቸው።

«ኖት ባድ።»

«በአማርኛ።»

ቲቸር ዳቦውን አስቀመጡ። መዝገበ ቃላት የሚገልጡ ይመስል ጣሪያ ጣሪያውን አዩና «አይከፋም» አሉ።

እትዬ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሱት። «ሰው ከቢሮው ወጥቶ፣ በፀሐይ ተጉዞ፣ የማይከፋ ነገር ሊበላ ይመጣል?» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ሁሉ ዘመን ያበላሁት ባሌ ጥሩ ነው ማለት ካቃተው፣ የማላውቀው ሰው ፊት ምን ይዤ ልቁም? በቃ፤ ቅዳሜ ሰውየው ሲደውል አልፈልግም እለዋለሁ።» ድስቱን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

ቲቸር ግራ ገብቷቸው እኛን አዩን። «ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉም ቲቸር» አለች ጎረቤታችን። «ችግሩ እሱ ነው።»

በማግስቱ ማታ እትዬ በሬን አንኳኩ። አልተቀመጡም። «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ?» አሉኝ። «ያችን ቃሉን አጣሪልኝ። ስድብ ከሆነ ስድብ ነው በዪኝ፤ ሙገሳ ከሆነ ሙገሳ ነው በዪኝ። ‹እንደ ሁኔታው ነው› ብለሽ ግን እንዳትመጪ፤ እሱን ከቴሌቪዥን እሰማዋለሁ።»

ሥራዬ ነውና ተቀበልኩ። በሥራዬ አንድ ደንብ አለኝ፦ የማይተዋወቁ ሁለት ምንጮች አንድ ነገር ካልተናገሩ አልጽፍም። ሰው ወሬውን ከአንድ አፍ ሰምቶ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ሲመለስም አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ምንጭ ራሱ እግር ጥሎት መጣ። ማክሰኞ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ ምርጥ ዘር የተጠራ ስብሰባ ስዘግብ፣ በሻይ ዕረፍት ሰዓት አንድ እንግሊዛዊ ባለሙያ አጠገቤ ቆሞ ሳንድዊች ይበላል። ስለ ዘሩ የምጠይቀውን ጠየቅሁና ማስታወሻዬን ሳልዘጋ ቀጠልኩ። ኖት ባድ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰውየው ጥያቄው ከስንዴ ጋር የተያያዘ መስሎት ትንሽ አሰበ። «ጥሩ ነው ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «አንዳንዴ በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው።» ሻዩን ፉት አለ። «አንዳንዴ ደግሞ ጥሩ አይደለም ማለት ነው።»

«በምን ይለያል?»

«በድምፁ። በቅንድቡም። ሰውየውን ማወቅ አለብሽ።»

«ሳንድዊቹስ?» አልኩት።

«ኖት ባድ» አለና ግማሹን በናፕኪን ሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወደ አዳራሹ ገባ። ናፕኪኑን ገልጬ አየሁት። አይብ ነበር፤ ጫፉ ደርቋል። ይህን ሰው ምንጭ አድርጎ መጥቀስ አይቻልም።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስመለስ ቲቸር በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «ቲቸር፣ የእትዬ ስጎ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ኖት ባድ።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ኖት አይደለም፤ ባድ መጥፎ» አሉ። «ማን ነው እስኪ አንቺን እንግሊዝኛ ያስተማረሽ?»

«ለምን ‹ይጣፍጣል› አይሏቸውም ታዲያ? አንድ ቃል ናት።»

ቲቸር ግራና ቀኝ አዩ። ከታች ልብስ ከሚያሰጣው ሰው በቀር ማንም አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሚስቴ እኮ ናት» አሉኝ።

«እና?»

«ሰው የገዛ ሚስቱን ያሞግሳል እንዴ? የራሴን ቤት ራሴ ላወድስ? ባገራችን ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። አባቴ እናቴን ሲያሞግሳት የሰማሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ከተቀበረች በኋላ።» ቀጥለውም፣ «በእንግሊዝኛ ሲሆን ይቀላል» አሉ። «የሌላ ሰው ልብስ ለብሰሽ እንደ መናገር ነው።»

ይህን ጻፍኩት። ግን እትዬ የጠየቁኝ ለምን እንደሚል ሳይሆን ምን ያህል እንደሚያወጣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የጎደለኝ አንድ መረጃ ነበር። ቲቸር መጥፎ ምግብ ሲበሉ ምን እንደሚሉ የሚያውቅ ሰው የለም። እትዬ ቤት መጥፎ ምግብ የለም፤ ከእትዬ ቤት ውጭ ደግሞ ቲቸር አይበሉም። የክርስትናው ዕለት እንኳ እሳቸው ጨጓራ ታመው ገንፎ ላይ ነበሩ። የታችኛው ጫፍ የማይታወቅ መለኪያ ምን ይለካል?

ነገሩን ሱቅ ወርጄ ለወሎዋ ጎረቤታችን አወራኋት። «መጥፎ ስጎ ከየት ነው የሚገኘው?» አልኳት።

ሻርፕ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን ሳታቆም፣ «አንቺ አለሽ አይደል እህቴ?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«የሰጠሽኝን ምስር እኮ እስካሁን አልረሳሁትም የኔ ሸጋ። ዱዓ አድርጌ ነው የበላሁት።»

ቅር አላለኝም። መረጃ መረጃ ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሐሙስ ወሰንኩ። ጠዋት ቄራ በኩል ካለ ሥጋ ቤት የተፈጨ ሥጋ ገዛሁ። አንድ ነገር ግን ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ሆን ብዬ አላበላሽም። ያ ማስረጃ መፈብረክ ነው። ባለኝ ችሎታ ሁሉ፣ በቅን ልቦና፣ የምችለውን ያህል ጥሩ ስጎ ለመሥራት እሞክራለሁ።

የምችለውን ያህል ሠራሁ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ሳልሳውን ጨመርኩ፤ ሳልሳው እንደበዛ ሳይ ውሃ ጨመርኩ፤ ውሃው እንደበዛ ሳይ እሳቱን ጨመርኩ። በዚህ መሃል አርታኢዬ ደውሎ ስለ ምርጥ ዘሩ ዜና ርዕስ ስንከራከር ታቹ አረረ። ፓስታውን በሹካ ላነሳ ስል እንዳለ፣ ድስቱን ቅርጽ ይዞ፣ በአንድነት ተነሳ። እንደ ኬክ በቢላ ቆርጬ ሰሃን ላይ አደረግሁት።

እትዬ እህታቸው ዘንድ መሄዳቸውን አረጋግጬ አንኳኳሁ። «ቲቸር፣ ምሳ አልበሉም አይደል? ስጎ ሠርቼ ነበር።»

ቲቸር ሰሃኑን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ናፕኪን አንገታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ብዙ ጊዜ አኘኩት፤ ሽንኩርቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ግንባራቸው ወዛ። ውሃ ጠጡ። እንደገና በሉ። ሰሃኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አላቆሙም። በመጨረሻ አፋቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«ኤክሰለንት» አሉኝ። «በጣም ግሩም ነው ልጄ። ጣት ያስቆረጥማል። እጅሽ ይባረክ።»

ባዶውን ሰሃን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። የፊት ገጽ ዜናዬ «ኖት ባድ» ነበር። ለአፍታ፣ የወጥ ችሎታዬን እስከ ዛሬ አሳንሼ ገምቼው ይሆን ብዬ ማሰቤን አልክድም። ቤት ገብቼ ከድስቱ ቀመስኩ። አላሳነስኩትም።

እንግዲህ ነገሩ ተገለጠ። ቲቸር ለእንግዳ የሚሉት ሁሉ ይሉኝታ ነው፤ መጥፎ ሲሆን «ግሩም» ይላሉ፣ ከፋ ሲል ደግሞ «ጣት ያስቆረጥማል»። እውነታቸው ያለው «ኖት ባድ» ውስጥ ነው፤ እሱንም የሚሰጡት ለቤታቸው ሰውና ከልባቸው ለወደዱት ነገር ነው። ለእትዬ ልነግራቸው ቸኮልኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ዜና ሲጻፍ ዋናው ፍሬ ነገር አናት ላይ ይቀመጣል፤ ማብራሪያው በሁለተኛው አንቀጽ ይከተላል። ከዚህ ልማድ ውጭ ወሬ ማውራት ከተውኩ ቆይቻለሁ። እትዬ ማታ በር ሲከፍቱልኝ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

«ቲቸር ዛሬ የእኔን ስጎ በሉና ኤክሰለንት አሉ።»

እትዬ ሁለተኛውን አንቀጽ አልጠበቁም። በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ከውስጥ የሰማሁት «ኤክሰለንት» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ እትዬ ደጋግመው፣ በተለያየ ድምፅ ይሉት ነበር። ቲቸር «ስሚኝ እንጂ» ይላሉ። ድስት ይቀመጣል፤ ከሚገባው በላይ በኃይል ይቀመጣል። እኔ የበሩን ቀዳዳ እያየሁ «እትዬ፣ ገና ነኝ፤ ማብራሪያ አለው» ብል ማን ሰምቶኝ።

ዓርብ ጠዋት ቲቸር ደረቅ ዳቦ ይዘው በረንዳ ላይ ወጡ። ሻይ እንኳ አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ ምን ነገርሻት?»

«እውነቱን።»

«ለምን?» አሉኝ ከልባቸው እያዘኑ።

ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው። ጠጥተው «ግሩም ሻይ ነው» ሲሉኝ ልቤ ደነገጠ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የወሎዋ ጎረቤታችን ሱቋን ለእህቷ ትታ ወደ እኔ ወጣች። እትዬ ጠዋት ሱቅ ወርደው፣ ሰውየው እኩለ ቀን ላይ እንደሚደውልና አልፈልግም እንደሚሉት ነግረዋታል። «ክፍሏ እኮ ልትሄድ ነው» አለችኝ። «ያ ስጎሽ አለ?»

«ፍሪጅ ውስጥ አለ። ማን ይበላዋል?»

«አምጪው። እትዬ በጆሯቸው ነው የሰሙት፤ በምላሳቸው ይስሙ።»

አሙቄው ሁለታችንም ሄድን። እትዬ በሩን በግማሽ ከፈቱት። «ደግሞ ምን አመጣሽ?» አሉኝ።

«ኤክሰለንቱን።»

ሰሃኑን ብዙ አዩት። ሊዘጉብን ይችሉ ነበር። ግን ባለሙያ ናቸው፤ አሸነፈሽ የተባሉትን ነገር ሳይቀምሱ መዝጋት አልሆነላቸውም። ሹካ አመጡና እንደ ቆሙ አንድ ጊዜ ጎረሱ። አኘኩ። ሽንኩርቱ ተንኮሻኮሸ። ማኘካቸው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሄደና ቆመ፤ ከዚያ እንደምንም ዋጡት። ፊቴን አዩ። ሹካውን በጥንቃቄ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

ጎረቤታችን ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ቀስ ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እኔም አልኩት?» አሉ።

«አሉ እትዬ» አልኳቸው። «ሁለተኛ ምንጭ ሆኑልኝ።»

በሩን ተደግፈው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩም ወደ ዕንባ ሄደ። «ይሄን ነው ኤክሰለንት ያለው? ይሄን ጨርሶ በላልሽ? ውይ፣ ምስኪን፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሆዱን ሲያሽ እኔ ነገር ሲፈልግ መስሎኝ።» ከዚያ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሽንኩርቱ ጥሬ ነው። ሳልሳውን ማን እንዲህ አፍስሺው አለሽ? ታቹን ደግሞ አሳርረሽ አማስለሽዋል፤ ማረሩስ ባልከፋ፣ ለምን ታማስዪዋለሽ? ፓስታውንማ እግዜር ይይልሽ።» አንድ በአንድ ሲዘረዝሩልኝ ደስ አለኝ። እንዲህ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው።

ሁለተኛውን አንቀጽ ያን ጊዜ ነገርኳቸው፤ የበረንዳውን ወሬ ጨምሮ። ቲቸር መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደወጡ አላየንም።

«አንተ» አሏቸው እትዬ። «እስኪ እውነቱን ተናገር። የዚህች ልጅ ስጎ እንዴት ነበር?»

ቲቸር ይቅርታ በሚለምን ዓይን አዩኝ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉ። «አስፈሪ ነበር።»

«የኔስ?»

ቲቸር አፋቸውን ከፈቱ። ጎረቤታችንን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ሁለት ሴት ምስክር ፊት። ጆሯቸው ቀላ። ስልኩ የጮኸው በዚህ መሃል ነው። እትዬ ከባላቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አነሱት።

«ሀሎ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ለሞባይሉ ሰውዬ እንዳትሰጥ። አዎ። ሰኞ እመጣለሁ፤ ግን ያ የሚያፈሰው ቧንቧ ሳይጠገን ቁልፍ አልቀበልም።» ስልኩን ዘጉና ለቲቸር፣ «አፍህን ግጠመው፤ ዝንብ ይገባል» አሏቸው።

ምግብ ቤቱ የተከፈተ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጠረጴዛዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ከመብያው የሚለየው በአንዲት መስኮት ነው። ቲቸር መተላለፊያው ላይ እንዳይቆሙ ተብለው መስኮቷ ሥር ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ፓስታ አለ፣ እየበሉ ነው። ሦስት ጠረጴዛ ተይዟል፤ ሌላው ባዶ ነው። እትዬ ከመስኮቷ ጀርባ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ በየመሃሉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው በሩን ያያሉ።

አንድ ባጅ ያንጠለጠለ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆመ። ይግባ አይግባ እያመነታ ነበር። ቅርቡ ያሉት ቲቸር ስለሆኑ ጎንበስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ምግቡ እንዴት ነው እዚህ?» አላቸው።

ከመስኮቷ ጀርባ የጭልፋው ድምፅ ቆመ። እኔም ሹካዬን አቆምኩ። ቲቸር ሰውየውን አዩት። የማያውቁት ሰው ነው፤ «ግሩም ነው» ሊሉት ይችላሉ፣ ያን ጊዜ እትዬ የሚሆኑትን አውቃለሁ። ሌላዋን ቃል ቢሉት ደግሞ ሰውየው ይሄዳል። ቲቸር ያኘኩትን ዋጡ፤ ውሃ ጠጡ።

«የምትሠራው ሚስቴ ናት» አሉት፣ በንጹሕ አማርኛ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ከተጋባን ወዲህ ውጭ ምሳ በልቼ አላውቅም። ሌላውን አንተ ፍረድ።»

ወዲያው ከመስኮቷ የእትዬ ድምፅ መጣ። «ውሸቱን ነው። ደምበል ሕንፃ ልጃችን የጋበዘችን በርገርስ?»

«እሱ አይቆጠርም» አሉ ቲቸር ሳይዞሩ። «ግማሹን ትቼዋለሁ።»

«ግማሹን ማን በላው ታዲያ?»

«አንቺ ነሻ።»

መብያው ቤት ሳቀ። ሰውየው ወንበር ስቦ ከቲቸር ፊት ለፊት ተቀመጠ። «እንግዲያው ለኔም አንድ ፓስታ» አለ። «ስጎው በዛ ይበል።»

እትዬ የሰውየውን ሰሃን ራሳቸው ይዘው ወጡ። በሌላው እጃቸው ሌላ ሰሃን ነበር፤ ማንም አላዘዘውም። እሱን ቲቸር ፊት አኖሩና ባዶውን አንስተው ተመለሱ። ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር፤ ፓስታው ከስጎው ሥር ተቀብሮ አይታይም። ቲቸር እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ሹካቸውን አነሱ።